መልስ፦ ብርሃን በመንገድ ይደክማል?

«አንድ አማተር የሥነ ፈለክ ሰው ዩኒቨርስ እየሰፋ አይደለም፣ ከሩቅ ጋላክሲዎች የሚመጣው ብርሃን ነው በመንገድ እየደከመ የሚቀላው ይላል፤ እብደት ነው?» ላልከው፣ እብደትስ አይደለም ወንድሜ፣ ተፈትኖ የወደቀ ሐሳብ ነው። መጀመሪያ ያነሳው ፍሪትዝ ዝዊኪ ነው፣ በ1929 እ.ኤ.አ.፣ ያውም ስመ ጥር ሳይንቲስት።

ከአማተሮቹ ግሮት ሬበርን እይ። የሬዲዮ መሐንዲስ ነበር። በ1937 ኢሊኖይ ውስጥ ዊተን በምትባል ከተማ፣ በገዛ ገንዘቡ፣ ጓሮው ላይ ስፋቱ 9 ሜትር የሚያልፍ የሬዲዮ ቴሌስኮፕ ገጣጠመና ሌላው ገና ምኑም ሳይገባው የሰማዩን የሬዲዮ ካርታ ሠራ። ጉድ እኮ ነው! ያው ሰው ኋላ ታዝማኒያ ገብቶ ቢግ ባንግን፣ ማለት ዩኒቨርስ ከጥቅጥቅና ከግለት ተነስቶ እየሰፋ ነው የሚለውን፣ አልቀበልም አለ፤ ብርሃን ይደክማል ከሚሉት ወገን ሆነ።

የሐሳቡ ችግር ሱፐርኖቫ፣ ማለት የሚፈነዳ ኮከብ፣ ላይ ነው። ብርሃን ደክሞ ቢሆን ቀለሙ ይቀላ ነበር፣ በቃ። ግን ሩቅ ያሉት ደምቀው እስኪደበዝዙ የሚፈጁት ጊዜም ይረዝማል፤ ቅርብ ያለው 20 ቀን የሚወስድበት፣ ቀይ ሽግሽጉ 1 የሆነው (ማለት የብርሃኑ ሞገድ ወደ ቀይ ተለጥጦ እጥፍ የሆነው) 40 ቀን ገደማ ይወስድበታል። መስፋፋት ይሄን ያስረዳል፣ ድካም አያስረዳም።

ሰውየህን ይህችን ጠይቀው። «ናሳ ይዋሻል» ብሎ ከጀመረህ ግን ጊዜህን አታባክን።