ከ10ኛ ክፍል ጀምሮ ለፖሊስነት መዘጋጀት

«10ኛ ክፍል ነኝ፤ ፖሊስ መሆን እፈልጋለሁ፤ ከአሁኑ ምን ላድርግ?» ላልከው፦ ወንድሜ፣ መጀመሪያ ትምህርትህን አትልቀቅ። ሰንዳፋ ያለው የኢትዮጵያ ፖሊስ ዩኒቨርሲቲ በዲግሪ ያስተምራል። ሩጫም ቀስ እያልክ ጀምር። ፑሽአፕ ብቻ የሚሠራ ጎረምሳ ሜዳውን ሁለት ዙር ሳይሞላ ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ ሲል አይቻለሁ።

ብዙዎች የሚረሱት ግን መጻፍን ነው። ፖሊስ ቀኑን ሙሉ ሌባ አያባርርም (ፊልም ላይ ካልሆነ)። የምስክር ቃል ይቀበላል፣ ይመዘግባል። ሰፈር ውስጥ ጠብ ካየህ ማታ ቁጭ ብለህ ጻፈው፦ ማን፣ የት፣ በስንት ሰዓት፣ ምን ለብሶ። «ሰክሮ ነበር» አትበል፤ «ሲራመድ ይንገዳገድ ነበር» በል።

የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 19ም አንብብ። የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ እንዳለበት የሚለው እዚያ ነው።