ስለ ክትክታ ጠይቁኝ

ጤና ይስጥልኝ። ሥራዬ ችግኝ ማፍላት ነው። የተራቆተ ተራራ ላይ ክትክታ የሚባለውን ቁጥቋጦ ስለማልማት የምታነሱትን እመልሳለሁ። አስቀድሜ ግን፦ ከብት ባልተከለከለበት ቦታ አትትከሉ።

ከሰቆጣ፦ ጋሼ፣ ዘሩን ደጋግመን ዘራን፤ አልበቅል አለን። ለምን ይሆን?

መልስ፦ ሽፋኑ ጠንካራ ነው፣ ውሃ አያስገባም። ውሃ አፍላና ከእሳት አውርደው። ዘሩን ጨምርበትና እስኪበርድ እዚያው ተወው። እሳት ላይ አብሮ ከፈላ ይሞታል። በማግስቱ ያበጠውን ዝራ። ዘር የሚለቀመው ክንፋሙ ፍሬ ቡናማ ሆኖ ሲደርቅ ነው። ወንዱና ሴቴው ብዙ ጊዜ የተለያየ ቁጥቋጦ ስለሆኑ ፍሬ የሌለውን መካን ነው ብለህ አትቁረጠው።

ከላሊበላ፦ መቼ ይተከላል?

መልስ፦ ክረምት ገብቶ አፈሩ ሲርስ።

ከሸዋ ሮቢት፦ ክትክታን ፍየል አይበላውም። ታዲያ ክልከላው ለምን?

መልስ፦ ይሄ ነው ጥያቄ! ቅጠሉ ሙጫ አለው፣ ፍየል ይሸሸዋል። ለጋውን ግን ይረግጠዋል። ደግሞም ክትክታ ሞግዚት ነው፤ የሚያሳድገው ሌላውን ነው። ጥላው ሥር አፈሩ ቶሎ አይደርቅም፣ የረገፈው ቅጠልም ይበሰብሳል። ገላጣ ላይ የተተከለ ወይራ በጋውን ማለፍ ይከብደዋል፤ ቁጥቋጦ የተጠጋው ግን የተሻለ ዕድል አለው። ፍየል የሚፈልገው ያንን ወይራ ነው! ስለዚህ ክትክታው ይቅደም፣ ወይራው ከሥሩ ይግባ።

ለወፍ ካሰባችሁ ደግሞ ክትክታ ብቻውን አይበቃም። ዘሩን የሚበትነው ነፋስ ነው እንጂ ወፍ አይደለም። አጋምና ደደሆ የሚባሉትን ቁጥቋጦዎች አሰባጥሩበት። ወፎች ለፍሬው ይመጣሉ። ሌላ ቦታ የበሉትን የወይራ ዘርም ቅርንጫፍ ላይ አርፈው ይጥሉታል። ያን ጊዜ ሰው ያልተከለው ወይራ ማየት ትጀምራላችሁ።

ከደሴ፦ ይሄ ሁሉ ልፋት ለምን? ባህር ዛፍ ተክሎ መሸጥ ነው።

ከሸዋ ሮቢት፦ ሥሩ ሣር እንኳ የማያበቅል ዛፍ! በምኒልክ ዘመን የመጣ እንግዳ እኮ ነው።

ከደሴ፦ ልጆቼን ያስተማረልኝ እሱ ነው። አንተ ምን ሸጠህ ታውቃለህ?

ከሸዋ ሮቢት፦ ምንጫችን ሲደርቅ ማንን ልንጠይቅ ነው?

መልስ፦ በቃ። ባህር ዛፍ ገንዘብ ነው፣ ማንም አልካደም። እዚህ የምናወራው ስለተራቆተው ተራራ ነው።

ከአዲስ አበባ፦ ቅጠሉ ለቁስል ይሆናል ይባላል። እንዴት ነው የሚዘጋጀው?

መልስ፦ ሐኪም ጠይቁ።

ከጎንደር፦ እስቲ ስለ ክትክታ አንዳንድ ነገር ይንገሩን።

መልስ፦ ምኑን? ቦታህን፣ አፈርህን፣ ከብት መግባት አለመግባቱን ንገረኝና እንነጋገር።

ከላሊበላ፦ የእኔም ዘር አልበቀለም፣ ምን ላድርግ?

መልስ፦ ከላይ ተመልሷል፤ የፈላ ውሃ! እባካችሁ አንብቡ።

ከሰቆጣ፦ ጋሼ፣ የእኛ ቦታ ተከልሎ ክትክታው አድጓል። ሰዉ ለማገዶ እንቁረጥ እያለ ነው።

መልስ፦ ማገዶነቱ ጥሩ ነው፣ አልከለክልም። መጀመሪያ ግን እያንዳንዱን ሥር እዩ። ወይራ የበቀለበትን አትንኩ። ከሌላውም ቅርንጫፍ ብቻ መልምሉ። ሣሩን አጭዳችሁ ውሰዱ፣ ከብቱን ግን አሁንም አታስገቡ።