«ነገ እጀምራለሁ» ለሚሉ፦ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ የሩብ ዓመት ሪፖርት እንዳቀርብ ከታዘዝኩ ሁለት ሳምንት ሆነኝ። ኮምፒውተሩን እከፍታለሁ፣ ሳላስበው ቴሌግራም ውስጥ ገብቼ ቀኑ ይመሻል። ሰነፍ ሆኜ ይሆን?

መልስ፦ ሰነፍ እኮ ቢያንስ ያርፋል። አንቺ ቴሌግራም ውስጥ ስትንከራተቺ ነው የዋልሽው፤ እረፍትም የለሽም። ሲሮይስና ፒችል የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች በ2013 እ.ኤ.አ. እንደጻፉት፣ ሥራ የምናሳድረው ሥራው ሲታሰብ የሚመጣውን ጭንቀት ለጊዜው ለመሸሽ ነው። ሽሽቱ እፎይ ስለሚያሰኝ ነገም ይደገማል። ስለዚህ «ከዚህ ሥራ የትኛው ቁራጭ ነው የሚያስጨንቀኝ?» ብለሽ ጠይቂ። ሪፖርት ላይ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ቁጥር ነው፤ ከዕቅድ በታች የሆነው።

ጥያቄ፦ በትክክል እሱ ነው! ታዲያ ከየት ልጀምር?

መልስ፦ «ሪፖርት መጻፍ» ብለሽ ከያዝሽው እጅሽ የሚይዘው ነገር የለም። እንዲህ አድርጊ፦ ያለፈውን ሩብ ዓመት ፋይል ክፈቺ፣ በአዲስ ስም ሴቭ አድርጊው፣ ቁጥሮቹን አጥፍተሽ የሰንጠረዡን ርዕሶች ብቻ ተዪ። አሥር ደቂቃ አይፈጅም። ያ የሚያስጨንቀው ቁጥር ሁለተኛ ይግባ። መጀመሪያ ካደረግሽው ትሸሺያለሽ፤ መጨረሻ ካደረግሽው ሌላውን ሁሉ እሱን እያሰብሽ ትጽፊያለሽ።

ጎልዊትዘር የተባለ ጀርመናዊ ተመራማሪ በ1999 እ.ኤ.አ. እንዳስረዳው፣ «እንዲህ ሲሆን እንዲህ አደርጋለሁ» የሚል ዕቅድ «እሠራዋለሁ» ከሚል ቃል የተሻለ ይፈጸማል። ለአንቺ፦ «ጠዋት 2፡30 ወንበሬ ላይ ስቀመጥ፣ ኢሜይል ሳልከፍት ሰንጠረዡን እከፍታለሁ»። ወረቀት ላይ ጻፊው። ማታ ከሥራ ስትነሺም ነገ መጀመሪያ የሚገባውን በአንድ መስመር ጽፈሽ ተዪ።

ጥያቄ፦ 25 ደቂቃ ሠርቶ 5 ደቂቃ ማረፍ የሚባለውን ሞክሬ አልሆነልኝም።

መልስ፦ ፍራንቼስኮ ቺሪሎ በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ ዘዴውን ሲጀምር በቲማቲም ቅርጽ የተሠራ የወጥ ቤት ሰዓት ነበር የተጠቀመው። እርስዎ በስልክ ነው የሚቆጥሩት አይደል? ደወሉን ሊያጠፉ ሲያነሱት ቲክቶክ ይጠብቅዎታል፤ አምስቱ ደቂቃ አርባ ይሆናል። የግድግዳ ሰዓት ይበቃል፣ ስልኩ ሌላ ክፍል ይቀመጥ። እረፍቱን ቆመው ያሳልፉት። 25 ከከበደዎት በ10 ይጀምሩ።

ጥያቄ፦ ግዢ ክፍል ነው የምሠራው። የጄኔሬተር ፕሮፎርማ እጄ ላይ እያለ ጊዜው አለፈ፤ አቅራቢው ዋጋ ጨመረ። ለኃላፊዬ ሳልናገር አምስት ቀን ሆነኝ።

መልስ፦ ነገ ጠዋት፣ ስብሰባ ሳይጀመር፣ በአካል ይንገሩ። ሦስት ነገር ብቻ፦ የሆነው፣ አሁን ያለበት፣ የሚያደርጉት ከነሰዓቱ። «የጄኔሬተሩ ፕሮፎርማ ጊዜው አልፏል፤ ያዘገየሁት እኔ ነኝ። አቅራቢው 40 ሺህ ብር ጨምሯል። እስከ ነገ 6 ሰዓት ከሦስት አቅራቢ አዲስ ዋጋ ሰብስቤ አመጣለሁ።» በቃ።

ሰው የሚሳሳተው ሁለት ቦታ ነው። አንዱ «መፍትሔ ይዤ ልግባ» እያለ ሌላ ሳምንት ይጨምራል፤ ኃላፊን ከጥፋቱ ይልቅ መደበቁ ያናድደዋል። ሌላው «ፋይናንስ አጓተተብኝ፣ ሲስተም አልነበረም» ብሎ ይጀምራል። እውነት ቢሆንም ሲጠየቁ ይናገሩት።

ለወደፊቱ ፕሮፎርማ ሲገባ የሚያበቃበትን ቀን በቀይ ላዩ ላይ ይጻፉ፤ በካላንደር የሚይዙት ግን ከዚያ ሦስት ቀን የሚቀድመውን ነው። የመጨረሻውን ቀን ብቻ የያዘ ሰው ቢያስታውስም ለመሥራት ጊዜ አይኖረውም።

ጥያቄ፦ እኔ ግን ቀኑ ሲደርስ ነው ጎበዝ የምሆነው።

መልስ፦ ይሆናል። አንተ ጎበዝ ብትሆንም መብራት ይጠፋል፣ ፈራሚው መስክ ይወጣል፣ ማኅተም ያዡ ምሳ ላይ ነው። ከትክክለኛው ሁለት ቀን የሚቀድም ቀን ቁረጥና ሥራውን ለሚጠብቅህ ሰው ንገረው። በልብ ብቻ የተያዘ ቀን ይንሸራተታል።

ጥያቄ፦ የእኔ ሥራ ብቻ አይደለም፤ ገላ መታጠብም እያቃተኝ ነው። እንቅልፍ የለኝም።

መልስ፦ ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ ከቆየ ድባቴ ሊሆን ይችላል። ከላይ ያልኳቸውን ተዋቸው፤ የአእምሮ ጤና ባለሙያ ጋ ሂድ፣ ለቀጠሮውም የምታምነው ሰው አብሮህ ይሂድ። ራስህን ለመጉዳት ካሰብክ ዛሬውኑ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ግባ።

ጥያቄ፦ የእድር ስምንት ወር አልከፈልኩም። ዳኛውን ሳይ መንገድ እሻገራለሁ።

መልስ፦ ለገንዘብ ያዡ ደውል፤ መዝገቡ እሱ ጋ ነው። ቅጣቱ ስንት እንደሆነና ደንቡ በስንት ወር ከአባልነት እንደሚሰርዝ ጠይቀው። ወርሃዊው 100 ብር ቢሆን ውዝፉ 800 ነው። በየወሩ 200 ብትከፍል፣ ግማሹ ለወሩ፣ ግማሹ ለውዝፉ፣ በስምንት ወር ያልቃል፤ ቅጣት ካለ ትንሽ ይረዝማል። ከመደወልህ በፊት የመጀመሪያውን 200 በእጅህ ያዝ፤ ባዶ እጅህን «እከፍላለሁ» ብለህ ከቀረህ ሁለተኛ ለመደወል የባሰ ታፍራለህ። ደረሰኝ ተቀበል። የምትደውለው ደግሞ ለቅሶ በሌለበት ቀን ይሁን።