«ሪሞት መኪና እንደገና ልጀምር፣ ምን ልግዛ?» ላልከው ወንድሜ

ሰላም ወንድማለም። ጥያቄህን አንብቤ ዝም ብዬ ማለፍ ከበደኝ፣ ረዘም ይላል ታገሰኝ። ያልከው በአጭሩ ይሄ ነው፦ ልጅ እያለህ ሪሞት መኪና ነበረችህ፣ ቅሪቷ አሁንም ካርቶን ውስጥ አለ፣ አርባን እየተጠጋህ ቪዲዮ ላይ በሰዓት 100 ኪሎሜትር የምትከንፍ ብራሽለስ፣ ማለት ሞተሯ ካርቦን ብሩሽ የሌለው መኪና፣ አየህና ልብህ ተነሳ፣ እሷን ልግዛ ወይስ ሌላ፣ የድሮዋስ ትነሳለች ወይ፣ ደግሞ በዚህ ዕድሜ ሰው አይስቅብኝም ወይ። የመጨረሻዋን አሁኑኑ ልገላገላት፦ የሚስቅብህ ሰው ካለ ሪሞቱን አቀብለው፣ ከዛ በኋላ ችግሩ ማስመለሱ ነው።

እቺን በራሪ ግን አሁን አትግዛት። በሰዓት 100 ማለት እኮ በሰከንድ 28 ሜትር ገደማ ነው፣ ሦስት ሰከንድ ጋዙን ጨብጠህ ከቆየህ ከ80 ሜትር በላይ ርቃለች፣ በዛ ርቀት ደግሞ የክንድ ያህል ርዝመት ያላት መኪና አፍንጫዋ ወዳንተ ይሁን ወደዛ አይለይህም፣ ስለዚህ እሷን በደንብ ለመንዳት የኳስ ሜዳ የሚያክል፣ ሰውም ውሻም የማያልፍበት ባዶ ቦታ ትፈልጋለህ፣ እሱ ደግሞ ስንቱ ሰው ደጅ አለ? ፍጥነት እጥፍ ሲሆን የግጭቱ ጉልበት አራት እጥፍ ነው የሚሆነው፣ ስለዚህ የእግረኛ መንገድ ጠርዝ ስትመታ የሚሰበረው አንድ ፕላስቲክ ሳይሆን ፊቷ በሙሉ ነው፣ የሰው ቁርጭምጭሚት ካገኘች ደግሞ ጨዋታው ጨዋታ መሆኑ ቀረ። በእንደዚህ አይነቷ ጀምሮ ሁለት ሦስቴ ሰባብሮ መደርደሪያ ላይ የተዋት ሰው ብዙ አይቻለሁ።

እኔ የምልህ፣ መኪናዋን መጀመሪያ ባለህ መሬት ምረጣት፣ ቀጥሎ በመለዋወጫዋ፣ የፍጥነቷን ነገር መጨረሻ ላይ ታስብበታለህ። ጠጠር፣ አቧራ፣ ሳር ከሆነ ያለህ፣ ጎማዋ ትልልቅ ሆኖ ሆዷ ከመሬት ከፍ ያለ ነገር ነው የሚያዋጣህ፣ ባጊ ወይ ሾርት ኮርስ ትራክ ወይ ሞንስተር ትራክ፣ 1/10 ስኬል፣ ማለትም የእውነተኛዋ አንድ አስረኛ። ለስላሳ አስፋልት ካለህ ዝቅ ያለች ቱሪንግ መኪና ትወዳታለህ፣ እሷን ጠጠር ላይ ካወጣሃት ግን ሆዷን ስታስፍቅ ነው የምትውለው። ጭራሽ ቦታ የለኝም ካልክም 1/28 የሚባሉ ትንንሾች አሉ፣ ኪዮሾ የሚባለው የጃፓን ድርጅት ሚኒ ዚ የሚላቸውን በፈረንጆቹ ከ1999 ጀምሮ ያወጣል፣ ሳሎን ውስጥ ሶፋ ገፋ አድርገህ ትራክ ትሠራላቸዋለህ።

እኔን ከጠየቅከኝ ግን በእኛ ዕድሜ ላለ ሰው ክራውለርን የሚያህል የለም። ክራውለር ማለት ቀርፋፋ ናት፣ በእርምጃ ፍጥነት የምትሄድ፣ አራቱም ጎማ የሚነዳ፣ ግራና ቀኝ ጎማዋ እኩል እንዲዞር ዲፈረንሻሏ የተቆለፈ፣ ጎማዋ ለስላሳ ሆኖ ውስጡ ፎም ያለበት። ቦታ አትፈልግም፣ የድንጋይ ክምር ካገኘህ በቃ። ድንጋዩ ፊት ተንበርክከህ የፊት ግራ ጎማ የትኛውን ጠርዝ እንደሚይዝ እያየህ ጋዙን በጣት ጫፍ ትሰጣታለህ፣ ትንሽ ትንሸራተታለች፣ ትተዋታለህ፣ መሪውን ቅንጣት ታህል ታዞራለህ፣ ጎማው ጭፍልቅ ብሎ ድንጋዩን ሲነክስ በዓይንህ ታየዋለህ፣ ከዛ ወይ ቀስ ብላ ትወጣለች ወይ በጀርባዋ ትዘረጋለች። አንዷን ድንጋይ ለመውጣት ግማሽ ሰዓት የሚታገል ትልቅ ሰው አይተህ አታውቅ ይሆናል፣ በቅርቡ ታያለህ መስታወት ውስጥ። ሞተሩ ብዙ ስለማይስብ አንድ ባትሪ ከሩጫ መኪና ይልቅ በጣም ረዥም ሰዓት ያቆይሃል፣ ስትገለበጥም የምትወድቀው ከቁመቷ ስለሆነ ብዙም አትሰበርም። ትራክሳስ ቲአርኤክስ 4 በ1/10፣ አክሲያል ኤስሲኤክስ 24 በ1/24 የታወቁት ናቸው፣ ትንሿን ቤት ውስጥ መጻሕፍት ደርድረህ ትወጣባቸዋለህ።

መለዋወጫ ላይ አንድ ዘዴ ልስጥህ። ከመግዛትህ በፊት የመኪናዋን የፊት ክንድ፣ ማለት ጎማውን ከቻሲሱ ጋር የሚያገናኘውን ፕላስቲክ፣ እና ዋናውን የፕላስቲክ ጥርስ ለብቻቸው ፈልጋቸው፣ የሚሸጡ ከሆነ መኪናዋ ዕድሜ አላት፣ ካልተገኙ የመጀመሪያዋ ግጭት የመጨረሻዋ ነው። ሁለተኛ ሰርቮውን እይ፣ ሰርቮ መሪውን የሚያዞረው ትንሿ ሞተር ናት። ሦስት ገመድ ካለው ሲበላሽ የትኛውንም ገዝተህ ትቀይራለህ፣ አምስት ገመድ ካለው ግን ሪሲቨሩም፣ ማለት የሪሞቱን ሲግናል የሚቀበለው፣ የፍጥነት መቆጣጠሪያውም አንድ ቦርድ ላይ ተጋግረው ነው፣ አንዱ ሲሞት ሁሉም አብሮ ይሞታል፣ እሱ መጫወቻ ነው፣ ተወው።

ከልጅነታችን የተቀየረው ብዙ ነው። ያኔ ሪሞቱ በ27 ወይ በ40 ሜጋኸርዝ ነበር፣ ውስጡ ክሪስታል የሚሏት ቁራጭ ነበረች፣ ጓደኛህ ያንተን አይነት ክሪስታል ከያዘ የሱ ሪሞት ያንተን መኪና ከግድግዳ ያላትማታል፣ አንቴናውም ተስቦ ተስቦ ዓይን የሚያወጣ ነበር። አሁን 2.4 ጊጋኸርዝ ነው፣ ሪሞቱና ሪሲቨሩ አንዴ ባይንድ ከተደረጉ በቃ ይተዋወቃሉ፣ አስር ሰው ጎን ለጎን ቢነዳ አይምታታም። የፍጥነት መቆጣጠሪያውም ድሮ በሰርቮ የሚገፋ ሜካኒካል ነገር ነበር፣ ቀስ ብለህ ስትነዳ ትርፉን ኃይል ሬዚስተር ላይ በሙቀት የሚጨርስ፣ ጣትህን አቃጥሎህ ከሆነ እሱ ነው። ዛሬ ኤሌክትሮኒክ ሆኗል። ብራሽለስ ሞተር ደግሞ ካርቦን ብሩሽ ስለሌለው ከኩሽኔታው በቀር የሚያልቅ ነገር የለውም፣ ለመጀመሪያ መኪና ግን 540 በሚባለው ልክ የተሠራው ባለብሩሽ ሞተር ይበቃሃል፣ ለክራውለርማ እንዲያውም ባለብሩሹ ሴንሰር ከሌለው ብራሽለስ የተሻለ ነው፣ ምክንያቱም በዝግታ ሲነሳ አይንቀጠቀጥም።

ካርቶን ውስጥ ያለችው ትነሳለች ወይ ላልከው፣ ብዙ ጊዜ ትነሳለች። የድሮውን ባትሪ መጀመሪያ አውጣ፣ ኒኬል ካድሚየም ስለሚሆን ቆሻሻ ውስጥ አትጣለው፣ ካድሚየም መርዝ ነው፣ ባትሪ ለሚሰበስቡ ሰዎች ስጥ። ሪሞቱ ውስጥ የተረሳ የድንጋይ ባትሪ ፈሶ ነጭ ዱቄት ካበጀ ኮምጣጤ በጥጥ ነክረህ ብትጠርገው ይለቃል። ከዛ ካምቢዮውን ክፈት፣ ግሪሱ ደርቆ ሰም ሆኗል፣ ጠርገህ አዲስ ቀባ። ሞተሩን ለብቻ አውጥተህ በትንሽ ቮልት ሞክር። ጎማዎቹ ደንድነው ከሆነ እንደ ጌጥ ያዛቸውና ለመንጃ ሌላ ግዛ፣ ፕላስቲኩም በዕድሜ ስለሚሰባበር ዝላይ አይደረግባት። ሪሞቱንና ሪሲቨሩን በ2.4 ቀይር፣ ሌላው ሳይነካ እሷ ራሷ ናት።

አሁን ወደምወደው ልምጣ። ልጅ እያለህ ተገጣጥማ ነው የመጣችልህ፣ ወይ አባትህ ናቸው የገጠሟት፣ አንተ የነዳኸው ብቻ ነው። ትልቅ ሰው ሆነህ ግን ኪት ግዛ፣ ማለት ፍርክስክሷ ወጥቶ በከረጢት ተከፋፍላ የምትመጣዋን እንጂ አርቲአር የሚሏትን፣ ተገጣጥማ የምትመጣዋን፣ አይደለም፣ ምክንያቱም ራስህ የገጠምካት መኪና ስትሰበር የቱ ጋ ምን እንዳለ ታውቃለህ፣ ያልገጠምካት ስትሰበር ግን መጨነቅ ነው። ታሚያ የሚባለው የጃፓን ድርጅት የመጀመሪያ ሪሞት መኪናውን፣ ፖርሽ 934ን፣ ያወጣው በ1976 ነው፣ ግራስሆፐርና ሆርኔት ደግሞ በ1984 ወጡ፣ እነሱን ከ2000ዎቹ ጀምሮ እንደገና እያመረተ ነው፣ ስለዚህ ያኔ ማስታወቂያ ላይ ብቻ ያየሃት መኪና ዛሬ አዲስ ካርቶን ውስጥ ልትገኝ ትችላለች። አልዋሽህም፣ ሆርኔት መጥፎ ነው የምትነዳው፣ የኋላ ጎማዎቿና ካምቢዮዋ አንድ ላይ ስለሚንቀሳቀሱ ሸካራ መሬት ላይ ስትነጥር ነው የምትሄደው፣ ግን ማን ለውድድር ገዛት።

ስትገጥም የሚያስፈልግህ ነገር ትንሽ ነው፣ አንደኛው ትክክለኛ ካቻቢቴ ነው። የጃፓን ኪት ብሎኖች ጄአይኤስ የሚባል ልክ ናቸው፣ የተለመደውን መስቀለኛ ካቻቢቴ ይመስላሉ ግን ጫፉ ሙሉ በሙሉ አይገባም፣ ሲከብድ ይዘልና የብሎኑን ጭንቅላት ይበላል፣ ጥርሱ የተበላ ብሎን ደግሞ ቀን ያጠፋል። ፕላስቲክ ውስጥ የሚገባ ብሎን ፈትተህ ስትመልስ መጀመሪያ ወደ ግራ አዙረው፣ ጠቅ ብሎ የድሮ መስመሩ ውስጥ ሲወድቅ ይሰማሃል፣ ከዛ ወደ ቀኝ። እንዲህ ካላደረግክ አዲስ መስመር እየቆረጠ ቀዳዳውን ያሰፋዋል። ፒኒየኑን፣ ማለት ሞተሩ ላይ ያለችውን ትንሿን ጥርስ፣ ከትልቁ ጥርስ ጋር ስታጋጥም መሀላቸው ቀጭን ወረቀት አስገብተህ አጥብቅና ወረቀቱን አውጣ፣ ክፍተቱ ልክ ይሆናል። ብረት ከብረት ለሚገናኝ ብሎን የብሎን ማጣበቂያ ጠብታ አድርግ፣ ፕላስቲክ ላይ ግን አታድርግ፣ ፕላስቲኩን ይሰነጥቃል።

ሾክ፣ ማለት ንጥረቱን የሚያለዝበውን ባለዘይት ቱቦ፣ መሙላት ላይ ነው ትዕግስትህ የሚፈተነው። ዘይቱን እስከ አፉ ሞልተህ የፒስተኑን ዘንግ ከስር ይዘህ ቀስ እያልክ ከፍ ዝቅ ታደርገዋለህ፣ ከፒስተኑ ቀዳዳዎች ትንንሽ አረፋ እየተለቀቀ ወደ ላይ ይመጣል፣ ከዛ አቁመህ ትተዋለህ፣ እንደገና ታያለህ፣ አረፋው ሲያልቅ ነው ክዳኑን የምትዘጋው፣ ከቸኮልክ ስትጫነው ጩቅ ጩቅ ይልብሃል፣ አንዱ ከሌላው ጋር እኩል አይመለስም፣ መኪናዋም ወደ አንድ ጎን ታጋድላለች። ቦዲው ደግሞ ግልጽ ፖሊካርቦኔት ከሆነ ቀለሙ የሚረጨው ከውስጥ ነው፣ በሳሙና አጥበህ፣ የማይቀባውን በቴፕ ሸፍነህ፣ ጠቆር ያለውን ቀለም አስቀድመህ፣ ብርሃናማውን ኋላ፣ በስስ በስሱ። ቀለሙ ለፖሊካርቦኔት የተሠራ ይሁን፣ ተራ ስፕሬይ ቦዲው በታጠፈ ቁጥር ይላጣል። ሁሉም ሲደርቅ ከውጭ ያለውን መከላከያ ላስቲክ ትልጠዋለህ፣ ያኔ ድንገት መስታወት የመሰለ ቀለም ይወጣል፣ ለእኔ ከመንዳቱ እኩል ነው።

ኩሽኔታም አትርሳ፣ ብዙ ርካሽ ኪቶች በፕላስቲክ ወይ በነሐስ ቡሽ፣ ማለት ኳስ በሌለው ተራ ቀለበት፣ ነው የሚመጡት፣ ገና ስትገጥማት በኳስ ኩሽኔታ ቀይራቸው፣ ከማንኛውም ትልቅ ሞተር በፊት እሱ ይቀድማል።

ባትሪ ላይ ቀልድ የለም። ሊፖ፣ ማለት የሊቲየም ፖሊመር ባትሪ፣ አንድ ሴሉ ስሙ 3.7 ቮልት ነው፣ ሲሞላ 4.2፣ ከ3 በታች ከወረደ ይጎዳል፣ ስለዚህ የፍጥነት መቆጣጠሪያህ ሊፖ ሙድ ላይ መሆኑን አረጋግጥ፣ ሲያንስ ራሱ ይቆርጠዋል። ቻርጅ የምታደርገው ሴሎቹን እኩል በሚሞላው ባላንስ ቻርጀር ነው፣ 5000 ሚሊአምፒር አወር የሚለውን በ5 አምፒር፣ በማይቃጠል ነገር ላይ አድርገህ፣ አንተ እዛው እያለህ። በኒኬል ሙድ ሊፖ መሙላት እሳት መጥራት ነው። ለሳምንታት ካልነዳህ ሴሉን ወደ 3.8 ቮልት አድርገህ አስቀምጠው፣ ያበጠ ባትሪ ካየህ ደግሞ እንደገና አትሞክረው። ይሄ ሁሉ ካሳሰበህ ኒኬል ሜታል ሃይድራይድ 7.2 ቮልት ጀምርበት፣ ከባድ ነው፣ ትንሽ ይደክማል፣ ግን አያስጨንቅም፣ ለክራውለርና ለሆርኔት ይበቃል።

ናይትሮ የሚባለውን ካሰብክ ደግሞ፣ ሜታኖልና ናይትሮሜታን የሚያቃጥል ትንሽ እውነተኛ ሞተር ነው፣ ድምፁና ሽታው ደስ ይላል፣ ጎረቤትን ግን አያስደስትም፣ ማስተካከሉም ራሱን የቻለ ሙያ ነው። ለመመለሻ አይሆንም።

ስትነዳ የሚያስቸግርህ መኪናዋ ወዳንተ ስትመጣ ነው፣ ግራና ቀኙ ይገለበጥብሃል። ሁለት ጠርሙስ አራርቀህ አቁምና በዝግታ ስምንት ቁጥር እየሠራህ ዙርባቸው፣ ውስጧ እንደተቀመጥክ እያሰብክ፣ ከጊዜ በኋላ እጅህ ራሱ ያውቀዋል። ብዙ ሪሞቶች ላይ ጋዙን ወደ 50 ፐርሰንት የሚገድብ ማብሪያ አለ፣ መጀመሪያ በሱ ንዳ፣ ልጆች ሲለምኑህም በሱ ነው የምትሰጣቸው። ስታበራ ሪሞቱን አስቀድም፣ ስታጠፋ መኪናዋን፣ ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ መኪናዋ ሲግናል አጥታ በራሷ ልትፈተለክ ትችላለች።

አሁን ደጅህ ያለውን መሬት ፎቶ አንስተህ እዚሁ ለጥፍልን፣ የድሮዋን ቻሲስም ከስሯ ቁጥር ወይ ጽሑፍ ካለ አብረህ አንሳው፣ ከዛ ሞዴል በሞዴል እናወራለን።