ጥላሁን «ዘፈነ»፣ ሐዲስ ግን «ጻፉ»?

ጥያቄ፦ መምህር፣ ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍልዎት ከባሕር ዳር ነው። መጽሐፍ የምንወድ ጓደኛሞች ቅዳሜ ቅዳሜ ጣና ዳር ቡና እየጠጣን፣ በቡድን ተከፋፍለን ስለ ልብ ወለድና ስለ ዘፈን ጥያቄና መልስ እንጫወታለን። ባለፈው አንዱ «ፍቅር እስከ መቃብርን ማን ጻፈው?» ብሎ ጠየቀ። ጓደኛዬ «ጻፈው ምን ማለት ነው? ጻፉት በል እንጂ! እኩያህ ናቸው?» ብላ ነጥብ ይቀነስበት አለች። እሱም «እሺ፣ ጥላሁንስ ዘፈነ ነው ዘፈኑ?» አላት። ጨዋታው እዚያው ፈረሰ። ማን ልክ ነው? ደግሞ አንድ ወጣት ደራሲ ጋብዘናል። ማስታወቂያው ላይ «ይገኛል» ነው «ይገኛሉ» የምንለው? ልጅዎ ነኝና አንቺ ይበሉኝ።

መልስ፦ እሺ፣ አንቺ ብያለሁ። መጀመሪያ የልጁን ነጥብ መልሱለት። «ማን» ብለን ስንጠይቅ ሰውየውን ገና አላወቅነውም፤ ማን መሆኑ ገና ያልታወቀን ሰው ደግሞ አንቱ አይሉትም። በር ሲንኳኳ «ማነው?» ነው የምንለው፣ ውጭ የቆሙት አያታችን ቢሆኑም። «እኚህ ማን ናቸው?» የሚመጣው ሰውየው ፊት ለፊታችን ሲሆኑ ነው። ስለዚህ «ማን ጻፈው?» ሲባል «ሐዲስ አለማየሁ ጻፉት» ብሎ የመለሰ ሰው ጠያቂውን አላረመም። ሁለቱም ልክ ናቸው። «ማን ጻፉት?» ግን ጆሮ ይቆረቁራል።

የጥላሁን ነገር ከባድ ነው፤ ልጁ ጥሩ አድርጎ ነው የያዛት። ነገሩ በክብር ቢሆን ኖሮ ጥላሁን ገሠሠም «ዘፈኑ» ይባል ነበር። እሱም ሐዲስም የክብር ዶክትሬት ያገኙት ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ነው። ይሁንና «ጥላሁን ዘፈኑ» ብትይ ሰው ሌላ ጥላሁን የምታወሪ ይመስለዋል።

እኔ ልዩነቱን የማየው ትውውቁ ላይ ነው። ጥላሁን መዝፈን የጀመረው በአሥራዎቹ ዕድሜ ነው። አገሩ በጉብልነቱ አወቀው፤ በ2001 ዓ.ም. በ68 ዓመቱ ሲያርፍም ለአድማጩ ያው «ጥላሁን» ነበር። ሐዲስ የተወለዱት በ1902 ዓ.ም. ነው፤ ፍቅር እስከ መቃብር የወጣው ደግሞ በ1958። አብዛኛው አንባቢ ሲያውቃቸው ሃምሳውን ያለፉ፣ አምባሳደርም ሚኒስትርም ሆነው የሠሩ ሰው ነበሩ። እንዲህ ያሉ ሰው ሲተዋወቁን አንተ የሚል አፍ ከየት ይመጣል? በዓሉ ግርማ በ1976 ሲሰወር ግን ገና ጎልማሳ ነበር። ይኸው፣ «ነበር» አልኩ። እጄ «ነበሩ» ለማለት አልታዘዝ አለኝ። በዓሉ አላረጀብንም። ስብሐት ገብረ እግዚአብሔር ደግሞ መሀል ላይ ነው፦ «ጋሽ ስብሐት እንዲህ አለ» ይላል ወዳጁ። በ«ጋሽ» ያከብራል፣ በ«አለ» ያቀርባል። የባሕር ማዶውን ነገር ተዪው፤ «ሼክስፒር ጻፉ» ያለ ሰው ሰምቼ አላውቅም።

ጓደኛሽ «አንተ» ንቀት ብቻ መስሏታል። ዘጌ ተሻግሮ ኡራ ኪዳነ ምሕረትን የሚሳለም ሰው መነኩሴውን «አባ ይፍቱኝ» ይላል። ዞር ብሎ ፈጣሪውን ሲለምን ደግሞ «ማረኝ» ነው የሚለው። መነኩሴው አንቱ ናቸው፣ እግዜር አንተ ነው! ፈጣሪን ማንም ንቆት አይደለም፤ በአንቱታ በኩል ዞሮ መሄድ ስላላስፈለገው ነው። የአድናቂም «አንተ» ከዚህ ወገን ነው። እንዲያውም የአድናቆታችንን ትልቁን አባባል እዪው፦ «አንቱ የተባለ ደራሲ»። አንቱታውን በአፉ ይሰጥና «የተባለ» ብሎ ወዲያው ይቀማል፤ ማንም ቅር ብሎት አያውቅም። («የተባሉ» የሚልም አለ፣ ያስኬዳል።)

ስለ ገጸ ባሕርያት አልጠየቅሽም፤ ግን ጨዋታችሁ ላይ መምጣቱ አይቀርም። እዚያ ዳኛው ተራኪው ነው። የፍቅር እስከ መቃብር ተራኪ በዛብህንና ሰብለን አቅርቦ፣ አባቷን ፊታውራሪ መሸሻን በአንቱታ ነው የሚተርክልን። እናንተም «ፊታውራሪ መሸሻ አሉ» ብትሉ ይሻላል። በንባብ መሀል ንድድ ብሎት «ይሄ መሸሻ ደግሞ አበዛው!» ያለ ሰው ካለ ግን አታርሙት። ሹመቱንም አንቱታውንም የገፈፋቸው አውቆ ነው። ሰዋስው አልሳተም፤ ተናዶ ነው።

የማይባለው ምኑ ነው ካልሽኝ፣ መቀላቀል። እንዲህ ዓይነት ማስታወቂያ በየቦታው አያለሁ፦ «ደራሲው አዲሱን መጽሐፋቸውን ይዞ ይመጣል»። መጽሐፉ የሽማግሌ፣ መምጣቱ የልጅ ሆነ! ግሱን ብቻ አይቶ ማለፍ አይበቃም። አንቱታው የሚያመልጠን አብዛኛውን ጊዜ ከስሙ ኋላ በተቀጠለችው «ው» ወይም «ኣቸው» ላይ ነው፤ እሷን ፈልጊ። ከሌላ ጽሑፍ ቆርጦ የሚለጥፍ ሰው ደግሞ በተለይ ይጠንቀቅ።

እናንተ «ይገኛሉ» በሉ። እንግዳ ነው፣ ገና አልተዋወቃችሁም፤ ሃያ አምስት ዓመቱ ቢሆንም በወረቀት ላይ አንቱታ አይበዛበትም። ብዙ ደራሲ የሚመጣ ይመስላል ብላችሁም አትስጉ፤ «ደራሲው ይገኛሉ» ስትሉ ያቺ «ው» አንድ ሰው መሆኑን ትናገራለች። ከዚያ «መጽሐፋቸውን»፣ «ፊርማቸውን»፣ «ከአንባቢዎቻቸው ጋር» እያላችሁ እስከ መጨረሻው መስመር ውረዱ። ልጁ መጥቶ ቡናው ሲቀርብለት «ኧረ አንተ በሉኝ» ካለ ደግሞ በሉት።