ሦስቱን መጋዘን ዘግተን ጅማ ላይ ብንጠቀልልስ?

ጥያቄ፦ ጅማ ሄርማታ ላይ ዋና መጋዘን ያለን የሸቀጥ ጅምላ አከፋፋዮች ነን፤ ዘይት፣ ስኳር፣ ፓስታና ሳሙና እንሸጣለን። አጋሮ፣ ሊሙ ገነትና ቦንጋ ላይም አንዳንድ መጋዘን ተከራይተናል። ሒሳባችንን የሚይዘው የወንድሜ ልጅ ሦስቱን ዘግተን ሁሉንም ጅማ ላይ እንጠቅልል ብሎ ሐሳቡን በጽሑፍ አቅርቧል። አንደኛ፣ የሦስቱ ኪራይና ደመወዝ በወር 100,000 ብር ነው፤ ይቀርልናል ይላል። ሁለተኛ፣ በ2013 ዓ.ም. የጅማው ብቻ በነበረን ጊዜ ከ100 ብር ሽያጭ ለመጋዘንና ለማጓጓዣ የምናወጣው 2 ብር ከ10 ነበር፤ ዛሬ 3 ብር ከ40 ደርሷል። ሦስተኛ፣ አዲስ አበባ ያለ አንድ ወዳጃችን አምስት መጋዘኖቹን ወደ አንድ አምጥቶ ተጠቅሟል። የወሩን ዝርዝር አያይዤዋለሁ። ሰፋ ላለው መጋዘን የሁለት ዓመት ውል እንድንፈርም አከራዩ እየጠበቀን ነው። ምን ትላላችሁ?

መልስ፦ ውሉን ለጊዜው አይፈርሙ። የወንድምዎ ልጅ የደመራቸው ቁጥሮች ትክክል ናቸው፤ ችግሩ ያልደመራቸው ላይ ነው። የሚቀረውን ወጪ ቆጥሯል፣ የሚመጣውን አልቆጠረም።

አጋሮን እንይ። በላኩልን ዝርዝር መሠረት ኪራይ፣ የመጋዘን ሠራተኛ፣ ጥበቃና መብራት በወር 34,000 ብር ይወስዳሉ፤ የሚወጣው ሸቀጥ 600 ኩንታል ነው። ዛሬ ከአዲስ አበባ የሚመጣው ከባድ መኪና ጅማን አልፎ አጋሮ ድረስ ለመሄድ በኩንታል 45 ብር ይጨምርባችኋል፤ ይህ 27,000 ብር ነው። መጋዘኑ ከተዘጋ ጭነቱ ጅማ ይራገፋል፣ እንደገና አይሱዙ ላይ ይጫናል። 50 ኩንታል በሚይዝ አይሱዙ 12 ምልልስ በ4,500 ብር ሲባዛ 54,000 ብር ይሆናል። ከዚህ የቀረላችሁን 27,000 ብር ብትቀንሱ 27,000 ብር ተጨማሪ ወጪ አለ። ጫኝና አውራጅ ደግሞ አንዴ ለማራገፍ፣ አንዴ ለመጫን በኩንታል 24 ብር ያስከፍላሉ፤ 14,400 ብር። ድምሩ 41,400 ብር ነው። 34,000 ለማዳን 41,400 ማውጣት ማለት ነው።

ያውም አይሱዙው ሁልጊዜ ሞልቶ ከሄደ ነው። አይሞላም። አንዱ ባለሱቅ አምስት ካርቶን ዘይት ለዛሬ ይፈልጋል፣ ሌላው ስኳሩን ነገ ይላል፤ መኪናው በአማካይ 35 ኩንታል ይዞ ከሄደ ምልልሱ 18፣ ተጨማሪ ወጪው 68,400 ብር ይደርሳል። ካተረፋችሁት እጥፍ።

በተመሳሳይ ስሌት፣ መኪናው ሞልቶ ይሄዳል ብለን እንኳ፣ ቦንጋ በወር 40,000 ብር ለማዳን 72,000 ብር ያስወጣችኋል፤ 500 ኩንታል ከመቶ ኪሎ ሜትር በላይ በትንሽ መኪና መመላለስ ውድ ነው። ሊሙ ገነት ግን ሌላ ነው። እዚያ የምትሸጡት 110 ኩንታል ብቻ ነው፤ ለዚህ 26,000 ብር የመጋዘን ወጪ ከልክ በላይ ነው። በሦስት ምልልስ ከጅማ ብታደርሱ ተጨማሪው ወጪ 17,040 ብር ስለሆነ ወደ 9,000 ብር ይተርፋል። ሦስቱን አንድ ላይ ብትዘጉ ግን በወር 30,440 ብር ትከስራላችሁ። አንዱ መዘጋት ያለበት ስለሆነ ሦስቱም ይዘጉ ማለት የጥቅል ቁጥር የሚያመጣው ስሕተት ነው። ሁልጊዜ በየከተማው ለየብቻ ይሰላ።

የ2013ቱ ንጽጽር ደካማ ነው። በመሐሉ የነዳጅ ድጎማ ከሐምሌ 2014 ጀምሮ ደረጃ በደረጃ ተነስቷል፤ በሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ተደርጓል። ኪራይም፣ የጭነት ዋጋም፣ ደመወዝም ተንቀሳቅሰዋል፤ አንድም ቅርንጫፍ ባትከፍቱ ወጪው መጨመሩ አይቀርም ነበር። ማጣሪያው ቀላል ነው፦ የጅማውን መጋዘን ወጪ ብቻ ለይታችሁ ለጅማ ሽያጭ አካፍሉት። እሱም ከ2.10 ወደ 3 ብር ገደማ ወጥቶ ከሆነ ጥፋቱ የቅርንጫፎቹ አይደለም። በ2013 የአጋሮው ባለሱቅ ራሱ ጅማ ድረስ መጥቶ፣ በራሱ ኪራይ ጭኖ ይሄድ እንደነበርም አይዘንጋ። ያ ወጪ በእናንተ መዝገብ አልገባም እንጂ ነበረ። ዛሬ ወደዚያ ልመልሰው ብትሉት ደጁ ከሚያወርድለት ተፎካካሪ ይገዛል።

ስለ አዲስ አበባው ወዳጃችሁ ብዙ ማለት አያስፈልግም። አምስቱም መጋዘኖች አንድ ከተማ ውስጥ ነበሩ፤ ደንበኞቹ ከአንዱም ሆነ ከሌላው በአንድ ቀን ይደረሳሉ። የእናንተ ደንበኞች አጋሮና ቦንጋ ናቸው።

አንድ እውነተኛ ጥቅም ግን አለ፤ የወንድምዎ ልጅም አላነሳውም። መጋዘን ሲጠቀለል የመጠባበቂያ ክምችት ይቀንሳል። የአራት እኩል መጋዘኖች ፍላጎት አንዱ ከሌላው ጋር ሳይያያዝ የሚወጣና የሚወርድ ከሆነ፣ አንድ ላይ ሲሆኑ የሚያስፈልገው መጠባበቂያ በግማሽ ይወርዳል፤ የአንዱን ጉድለት የሌላው ትርፍ ይሸፍነዋላ። እዚህ አካባቢ ግን ፍላጎቱ ተያይዞ ነው የሚንቀሳቀሰው። ከጥቅምት ጀምሮ ቡና ሲለቀም አጋሮም፣ ሊሙም፣ ቦንጋም ገንዘብ የሚገባው በአንድ ሰሞን ነው፤ ስኳርና ዘይት በሁሉም ቦታ አብሮ ይጠፋል። ስለዚህ ግማሽ አትጠብቁ፤ ከዚያ በብዙ ያነሰ ነው።

በቁጥር ያልገባ ነገር ደግሞ ዱቤ ነው። ማን በጊዜው እንደሚከፍል፣ ማን ከቡና ሽያጭ በኋላ ካልሆነ እንደማይከፍል የሚያውቀው የአጋሮው መጋዘን ሠራተኛችሁ ነው። መጋዘኑ ሲዘጋ ገንዘብ መሰብሰቡ ሹፌሩ ላይ ይወድቃል። ሹፌር ደግሞ አራግፎ መመለስ እንጂ ዱቤ ማሳደድ ሥራው አይደለም።

የሊሙውን ስትዘጉ ሸቀጡን ጅማ ከማምጣታችሁ በፊት ቦታውን ለኩ። አንድ ርብራብ (ጆንያው ከመሬት ከፍ ብሎ የሚደረደርበት የእንጨት መደብ) 1 ሜትር በ1.20 ነው፤ ባለ 50 ኪሎ ስኳር 20 ጆንያ ይይዛል። ሁለት ርብራብ ቢደራረብ 20 ኩንታል ይሆናል፤ ከመተላለፊያው ጋር 2.4 ካሬ ሜትር ያዙለት። ርብራብ የሌለው ቦታ ላይ ስኳር አታስቀምጡ፤ በጅማ ክረምት የሲሚንቶ ወለሉ እርጥበት ይስባል፣ የታችኛው ረድፍ ጆንያ ይጠጥራል። ከግድግዳ ግማሽ ሜትር አርቁ። ሳሙናና ፓስታ አንድ ጥግ አይሁኑ፤ ፓስታው ሽታውን ይወስዳል፣ ባለሱቁም ይመልስላችኋል።

ሠራተኞቹን ማሰናበት ግድ ከሆነ በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የስንብት ክፍያው ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን ደመወዝ ነው፤ ከዚያ በኋላ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት የዚያ ሲሶ ይጨመራል። ከአንድ እስከ ዘጠኝ ዓመት ላገለገለ የሁለት ወር ማስጠንቀቂያም አለ። ይህን ሊሙን በመዝጋት በወር ከሚተርፈው 9,000 ብር ላይ ቀንሱና ለመሸፈን ስንት ወር እንደሚፈጅ እዩ። ወደ ጅማ አዛውሮ የመኪና ጭነት ተቆጣጣሪ ማድረግ ይረክሳል።

ስለ ሁለት ዓመቱ ውል፦ 110 ኩንታል ለመጨመር ሰፊ መጋዘን አያስፈልግም። ሊሙን ብቻ ከጅማ እያደረሳችሁ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ያለውን ግርግር እለፉ። በእያንዳንዱ ምልልስ ስንት ኩንታል እንደተጫነ፣ ስንት ባለሱቅ «እቃ አጣሁ» እንዳለና ዱቤው በስንት ቀን እንደገባ ይመዝገብ። አከራዩ እስከዚያ ካልጠበቀ ሌላ ተከራይ ያግኝ።