ለቤት ሠራሽ የኤሌክትሪክ ብስክሌት የቱ ባትሪ ይሻላል? ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ያገለገለ የመኪና ባትሪ አለኝ፤ ለብስክሌቴ ይሆነኛል?

መልስ፦ ብስክሌቱን ያንቀሳቅሰዋል፤ እኔ ግን አልመክርዎትም። የመኪና ባትሪ የተሠራው ሞተር ለማስነሣት ለጥቂት ሰከንድ ብዙ ጉልበት ሰጥቶ ወዲያው እንዲሞላ ስለሆነ፣ በየቀኑ እስከ ግማሹ የሚወርድ ከሆነ ቶሎ ይሞታል።

ጥያቄ፦ መብራት ሲጠፋ ኮምፒውተር እንዳይዘጋ የሚያደርገው የዩፒኤስ ባትሪስ?

መልስ፦ ለመሞከሪያ ይበቃል። ባለ 12 ቮልትና 12 አምፔር ሰዓት (የሚይዙት የኤሌክትሪክ መጠን) የሆኑ 4 ባትሪዎች በተከታታይ ሲያያዙ 48 ቮልት ይሰጣሉ፤ ክብደታቸው ግን ወደ 16 ኪሎ ይደርሳል።

ጥያቄ፦ ቤቴ ዳገት ላይ ነው። ምን ያህል አቅም ያስፈልገኛል?

መልስ፦ ሰው ሁሉ ስለ ቮልት ይጠይቃል፤ አስቀድሞ መሰላት ያለበት ግን ይህ ነው። እርስዎና ብስክሌቱ በአንድነት 100 ኪሎ ብትመዝኑ፣ በየ100 ሜትሩ 6 ሜትር ከፍ የሚል ዳገት በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ለመውጣት ሞተሩ ከባትሪው 400 ዋት ገደማ ይስባል። ዳገቱ 5 ኪሎ ሜትር ቢረዝም 20 ደቂቃ ይፈጅና 133 ዋት ሰዓት ያህል ይበላል። 400 ዋት በ48 ቮልት ከ8 አምፔር ጥቂት ይበልጣል፤ ከቆመበት ሲነሣ ግን እጥፍ ሊሆን ስለሚችል፣ ሳይግል 20 አምፔር መስጠት የሚችል ባትሪ ይፈልጉ።

ጥያቄ፦ ከአሮጌ ላፕቶፕ ባትሪ የወጡ ሴሎችን (በውስጡ ያሉትን ትንንሽ ባትሪዎች) ሰብስቤ ልሥራ?

መልስ፦ እኔም በዚሁ ጀምሬአለሁ። ሞልቼ ለአንድ ሳምንት ካስቀመጥኋቸው በኋላ በቴስተር ስለካቸው፣ ሌሎቹ 4.2 ቮልት አካባቢ ሲቆዩ አንዱ ወደ 3.6 ወርዶ አገኘሁት። በተከታታይ በተያያዙ ሴሎች መካከል እንዲህ ያለው ደካማ ቀድሞ ባዶ ይሆናል፤ ሌሎቹ መሥራታቸውን ሲቀጥሉም እርሱ ይበላሻል። ስለዚህ እያንዳንዱን ሳይለኩ አያያይዙ፤ የእያንዳንዱን ሴል ቮልት የሚቆጣጠረውን የቢኤምኤስ ሰሌዳም ለመቆጠብ ብለው አይተዉት። በሶልደር መበየድም ሙቀቱ ሴሉን ስለሚጎዳው አይመከርም።

ጥያቄ፦ እርስዎ ቢሆኑ የትኛውን ይገዛሉ?

መልስ፦ ሊቲየም አይረን ፎስፌት የሚባለውን የሊቲየም ባትሪ ዓይነት። እያንዳንዱ ሴል 3.2 ቮልት በመሆኑ 16ቱ 51.2 ቮልት ይሆናሉ። ከላፕቶፑ ዓይነት ይከብዳል፤ ሆኖም ሙቀትን በተሻለ ሁኔታ ይቋቋማል፣ ዕድሜውም ይረዝማል።

ጥያቄ፦ ለላፕቶፕ ሴሎቹና ለፎስፌቱ አንድ ቻርጀር ይሆናል?

መልስ፦ በፍጹም። 13 የላፕቶፕ ሴሎች በተከታታይ ሲያያዙ የሚሞሉት እስከ 54.6 ቮልት ብቻ ሲሆን፣ የፎስፌቱ ቻርጀር 58.4 ይሰጣል። የላፕቶፕ ሴሎቹን በፎስፌቱ ቻርጀር ቢሞሉ በእያንዳንዱ ሴል ላይ ወደ 4.5 ቮልት ይጫናል፤ እሳትም ሊያስነሣ ይችላል። እኔ በቻርጀሮቹ ላይ ቁጥሩን በትልቁ ጽፌ፣ መሰኪያቸውንም የተለያየ አድርጌዋለሁ።